ዘላለም በኪራይ

ስምን መልአክ ያወጣዋል የተባለው ኮሚቴ ሳይቋቋም ነው። ዛሬ «ርዕስ»፣ «አዘጋጅ»፣ «ቀን» የሚባሉት ተራ የሜታዳታ (የመረጃ መግለጫ) ቃላት እንኳ በኮሚቴ ተመክሮባቸው፣ በድረ ገጽ አድራሻ መልክ ቋሚ መለያ ይሰጣቸዋል። ቋሚ ሲባል እስከ ልጅ ልጅ ነው።

ዋስትናውም አስተማማኝ ነው፤ አድራሻው የቆመበት የዶሜይን ስም። የዶሜይን ስም ደግሞ አይሸጥም፣ ይከራያል። በ«ኦርግ» የሚያልቅ ስም የፈለገ ሰው ገንዘቡ ቢትረፈረፍም በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ አይመዘገብለትም። እንግዲህ ዘላለም 10 ዓመት ነው፤ እሱም ሒሳብ ክፍሉ እድሳቱን ካልረሳ።

ደብሊን ኮርን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1995 በኦሃዮዋ ደብሊን የተጠነሰሰው ይህ መደበኛ ዝርዝር 15 መሠረታዊ ቃላት አሉት። «አዘጋጅ» የሚለው ሁለት ቋሚ መለያ አለው፤ አንዱ «1.1» የሚል የእትም ቁጥር እንደተሸከመ በአሮጌው ዝርዝር፣ ሌላው በአዲሱ። አንዱ ዘላለም ቢያልቅ መጠባበቂያ መያዝ አይከፋም። ፎፍ የተባለው ሌላ ዝርዝር ደግሞ አድራሻው ውስጥ «0.1» ብሎ ጀመረ፣ እዚያው ቀረ። ቁጥሩ ቢነካ መለያው ሁሉ ይለወጥ የለ! ጀማሪ ሆኖ ዘላለማዊ መሆን ለማን ተሰጥቷል?

የደብሊን ኮር አድራሻዎች ያደሩት ፐርል በተባለ አገልግሎት ላይ ነው። ፐርልን ኦሲኤልሲ የተባለ ድርጅት መሠረተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለኢንተርኔት አርካይቭ አስረከበው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 አርካይቩ በሳይበር ጥቃት ሲዘጋ ቋሚዎቹ አድራሻዎችም አብረው ተዘጉ።

ጠበቆቻቸው ግን አይደነግጡም። «አድራሻው ስም እንጂ በር አይደለም፤ ባይከፈትም ስምነቱ አይጎድልም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የቃሉ ፍቺ ከዚያው በር ኋላ መቀመጡ ትንሽ እንከን ነው፤ ፍቺ ደግሞ ለማን ይጠቅማል?

ስለዚህ ተቋማት ሆይ፣ አትዘግዩ። የሌላውን «ርዕስ» መዋስ የድህነት ምልክት ነውና እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቋሚ «ርዕስ» አውጡ። ፕሮጀክቱ የ3 ዓመት በጀት ካለው ለዘላለም ይበቃል። በስብሰባው ላይ አንድ ነገረኛ ተነሥቶ «ኪራዩን ከዚያ በኋላ ማን ይከፍላል? ተቋሙ ቢፈርስስ ማን ይረከባል?» ቢል ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይያዝለት፤ አጀንዳው ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ።