ቡናው ትኩሳት አለው

የእህቴ ልጅ ምርምር ውስጥ ከገባ ወዲህ ቁርጥ ያለ ነገር ካፉ ወጥቶ አያውቅም። «ምሳ በላህ?» ሲባል እንኳ «ምሳ ሊባል የሚችል ነገር ቀምሻለሁ» ነው መልሱ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ዘንድ ቡና ተጠርተን ሳለ አንዷ ቡናተኛ «ቡና ካንሰር ያመጣል የሚሉት እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ምነው ባልጠየቀችው!

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1991 እ.ኤ.አ. ቡናን የፊኛ ካንሰር «ሊያመጣ ይችላል» ብሎ መድቦት ነበር አለ። በ2016 ደግሞ ከ10 አገሮች የመጡ 23 ሳይንቲስቶች ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ተቀምጠው ከ1000 በላይ ጥናቶች አገላበጡና «ያመጣል አያመጣም ለማለት ማስረጃው አይበቃም» ብለው ከዚያ ተርታ አወጡት።

«ይኸን ሁሉ አንብበው?» አሉ እማማ። «እኛ የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ ቶና ሳይደርስ እንጨርሰው የለ!»

«ግን...» አለ ልጁ። ተመራማሪ «ግን» ካለ ስኒን ማስቀመጥ ነው። ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚፋጅ መጠጥ፣ ቡናም ይሁን ሻይ ወይም ውሃ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር «ሳያመጣ አይቀርም» ተብሏል። ጥርጣሬው ከቡናው ወርዶ ትኩሳቱ ላይ አረፈ።

ነገሩ ይለይ ብዬ ቤት ሮጥኩና የልጆቹን የትኩሳት መለኪያ አምጥቼ አቦሉ ውስጥ ነከርኩት። መለኪያው ጮኸ።

«ቡናዬን ምን ነካው? አመመው እንዴ?» ብለው እማማ ብድግ አሉ።

ልጁ መለኪያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ይኸ ከ42 በላይ አይቆጥርም። ስለዚህ ከ42 ማለፉን እንጂ 65 መድረሱን መናገር አንችልም።»

«ጣትህን ክተትና ንገረን!» አሉት።

«በአንድ ጣት ድምዳሜ ላይ አይደረስም።»

በክርክሩ መሃል አቦሉ ቀዘቀዘ። እማማም ተቀየሙ።

ልጁ ቢያሰለቸንም፣ «ይችላል» ያለ ሰው 25 ዓመት ቆይቶም ቢሆን ቃሉን ለማንሳት አያፍርም። እኛ በአቦል ጥፋተኛ ያልነው ጎረቤት ግን በበረካም ነጻ አይወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመትም አይወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ ቡናን ጥቂት አብርዶ መጠጣት ሳይሻል አይቀርም። መለኪያ ይዞ ቡና መጠራት ግን ተጨማሪ ጥናት አያስፈልገውም፤ ክልክል ነው።