ኤንግልስን ፍለጋ በማንቸስተር

አዲስ አበባ ላይ «ማንቸስተር ልሄድ ነው» ያለ ሰው የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቀዩ ወይስ ሰማያዊው?» እኚህ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ግን ለኳስ ደንታ የላቸውም። የእህታቸው ልጅ የዩናይትድ ማሊያ አደራ ቢላቸውም፣ እሳቸውን የወሰዳቸው ኤንግልስ ነው፤ በደርግ ዘመን በውይይት ክበብ ስሙን ሲያነበንቡ፣ በአብዮት አደባባይ ከማርክስና ከሌኒን ጋር ተሰቅሎ ሲያዩት የኖሩት ጢማም ሰው።

ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ጠበቃቸው። ተጠልለው የገቡት በ1653 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተመሠረተው ቼታም ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1845 ማርክስና ኤንግልስ እዚህ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው መጽሐፍ ያገላብጡ ነበር። ኤንግልስ ከዓመታት በኋላ ለማርክስ በጻፈው ደብዳቤ ቦታውን እንደሚወደው ይናገራል፤ ባለቀለሙ መስታወት ውጭውን ሁልጊዜ ብራ ያስመስለዋላ! የዓለምን ላብ አደር የቀሰቀሰውን ሰው ዝናቡ አማርሮት ነበር ማለት ነው።

መምህሩን ይበልጥ የገረማቸው ግን የሰውየው ኑሮ ነው። በ1842 ማንቸስተር የመጣው አባቱ በሽርክና በያዘው የጥጥ ክር ፋብሪካ ሊሠራ ነው። የሠራተኛውን መከራ የሚያጋልጠውን መጽሐፉን በ1845 አሳተመ። በ1850 ደግሞ ወደዚያው ድርጅት ተመልሶ ሃያ ዓመት ያህል ሒሳብ ሲደምር ኖረ። በገቢው ማርክስን ከነቤተሰቡ ይደጉማል፤ ፋታ ሲያገኝ ከባላባቶቹ ጋር ፈረስ ጭኖ ቀበሮ ያሳድዳል። የውይይት ክበቡ ካድሬ ይህችን ዘሏታል።

ወደ ኤንግልስ ሐውልት ሲያመሩ ሊቨርፑል ሮድ ባቡር ጣቢያን በጨረፍታ አዩት። በ1830 የባቡር መስመሩ ሲመረቅ የፓርላማ አባሉን ዊልያም ሀስኪሰንን ባቡር ገጭቶ ገደለው፤ ምርቃቱ ግን ቀጠለ።

ሐውልቱ የቆመው አንድ የኪነ ጥበብ ማዕከል ደጃፍ ላይ ነው። ዩክሬን ውስጥ ለሁለት ተቆርጦ ተጥሎ የነበረውን፣ ፊል ኮሊንስ የተባለ የጥበብ ሰው (ዘፋኙ አይደለም) በ2017 በመኪና ጭኖ አመጣው። እግሩ ላይ የተቀባው ሰማያዊና ቢጫ ገና አልለቀቀም። መምህሩ ፎቶ አንስተው ለእህታቸው ልጅ ላኩለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ጢማም ለማን ነው የሚጫወተው?» አላቸው።

ኳሱም ቢሆን ከፋብሪካው ደጅ አይርቅም። ዩናይትድን በ1878 ኒውተን ሂዝ ብለው የመሠረቱት የባቡር ፉርጎ ሠራተኞች ናቸው፤ የአሁኑ ስም የወጣለት በ1902 ነው። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ራራ። የላብ አደር ቡድን ከሆነማ ማሊያ መግዛት ከመስመር መውጣት አይደለም ብለው በትራም ወደ ኦልድ ትራፎርድ ወረዱ። ሱቁ ገብተው ዋጋውን አነበቡ፤ ወደ ብር መነዘሩት፤ መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና መነዘሩት። ሻጩን «የቀበሌው ሱቅ በየት በኩል ነው?» ብለው ሊጠይቁት ምንም አልቀራቸው።