ሳያነቡ የመዘጋጀት ጥበብ

ለንደን የምትኖረው የእህቴ ልጅ በመስከረም ኤ-ሌቭል የሚሉትን የቅድመ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ትጀምራለች። ከመረጠቻቸው ሦስት ትምህርቶች አንዱ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ሰኔ ላይ ጂሲኤስኢ የሚሉትን የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዋን ከጨረሰች ጀምሮ ዝግጅት ላይ ናት። ትጋቷ ያስቀናል።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ጠረጴዛዋን አየሁት። አራት ዓይነት ሃይላይተር፣ በላስቲክ የታሰሩ ካርዶች፣ የሼክስፒር ተውኔት የ«ኦቴሎ» ማጠቃለያ፣ የማጠቃለያው ማጠቃለያ፤ ስልኳ ላይ ደግሞ ያንኑ ማጠቃለያ በአሥር ደቂቃ የሚያስረዳ ቪዲዮ ተከፍቷል። «ኦቴሎ» ራሱ ከሁሉም ሥር ነበር፤ ጀርባው እጥፋት እንኳ አልነካውም። የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታልና ጭራሽ አልጠቀመም ብዬ አላማውም።

«አነበብሽው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ገና ጥቅሶቹን እየያዝኩ ነው» አለችኝ።

ልክ ናት። ድሮ የቀረነው እኛ ነን። አንድን ተውኔት ለማወቅ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቶ እስከ መጨረሻው መሄድ ግድ ይመስለን ነበር። ምስኪኑ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ ከሙሉው ተውኔት ጋር ታገለ፤ ማጠቃለያውን ቢተረጉም ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገላገል ነበር። የቅኔ ተማሪውም እንዲሁ ከሰሙ ጋር ሲባዝን ይከርማል። ዛሬ ወርቁ ብቻ ተነጥሮ፣ ተመዝኖ፣ በካርድ ላይ ይሸጣል። ሰም ማየት ያማረው ሄዶ ጧፍ ይግዛ።

ካርዶቹን አገላበጥኳቸው። አንዱ «መሐረብ፦ ታማኝነት፣ ጋብቻ፣ ደም» ይላል። ያ እንጆሪ የተጠለፈበት፣ ኦቴሎ ለዴስዴሞና የሰጣት፣ በኋላም ሚስቱን እስከ መግደል ያደረሰው ጨርቅ ሦስት ቃል ሆኖ ቁጭ ብሏል። አረንጓዴው ካርድ የሐያስያን ነው። ፈታኞቹ ከሚመዝኗቸው አምስት ነገሮች አንዱ፣ ሥራው በተለያየ መንገድ ሊተረጎም እንደሚችል ማሳየት ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ እርስ በርስ የማይስማሙ ሁለት ሐያስያንን ሸምድዳ፣ ባላነበበችው ተውኔት ላይ ከሁለቱም ጋር ትከራከራለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ! ፓርላማ የሚገቡ ሰዎች እንኳ ይህን ችሎታ የሚያገኙት ስንት ዓመት ለፍተው ነው።

ደግሞስ ምን ታድርግ? በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ስምንት ሥራ ማጥናት አለባት፤ ከስምንቱ ሦስቱ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተጻፉ፣ አንዱም የግድ የሼክስፒር። በሦስት ወር አንድ ማለት ነው! ይህን ሸክም የሰው ልጅ ትከሻ ይችለዋል? «ኦቴሎ» ብቻውን የሦስት ወይ የአራት ሰዓት ንባብ ነው። እሱን ላለማንበብ እንኳ ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ስትሠራ ከረመች።

ልሄድ ስነሳ፣ «መሐረቡ ከዴስዴሞና እጅ ሲወድቅ ማን አነሳው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ካርዶቿን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችው። ሃይላይተሮቹን ሳይቀር አየቻቸው። እኔም ብርጭቆውን ከመጽሐፉ ላይ አነሳሁላት።

ኤሚሊያ ናት፤ የኢያጎ ሚስት። ሦስተኛው ገቢር ላይ ነው።