ሞገድ የሚጨርሰው ሞገደኛ ነው

«አየር ምኑ ያልቃል?» ይላል አያ አያልቅም። ከብባችሁን የቆማችሁ ሁሉ፣ ስሙልኝማ! ይሄ ሰውዬ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር የሚያወጣት መልስ አንዲት ናት፤ «ሰማይ ሙሉ ሞገድ እያለ ቁጠባ ምን ያደርጋል? አየሩ ነፃ! አየሩ ሰፊ! ካነሰም ጉልበት ይጨመርበት!» በል አያ አያልቅም፣ ና ወዲህ። አንድ ባንድ እንነጋገር። ሲያስፈልግም ባንድ በባንድ።

ከ«ነፃ» እንጀምር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ለ3ጂ የሚሆን ሞገድ ለጨረታ አወጣች። አምስት ፈቃድ ሸጣ ወደ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ሰበሰበች። አሜሪካ በ2021 አንድ ባንድ፣ ማለትም አንድ የሞገድ ክልል፣ አጫርታ 81 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች። እዚሁ አገራችን በዚያው ዓመት ሁለተኛው የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ነፃው ይህን ያህል ካወጣ ውዱ ስንት ሊባል ነው? ደግሞስ ይሄ ሁሉ ገንዘብ በመጨረሻ ከማን ኪስ ይወጣል? ከካርድ ሞይው! ከፓኬጅ ገዢው! ካንተ! የከፈልክበትን ዕቃ «ነፃ ነው» እያልክ ታባክናለህ። አየር ባየር ነግዶ ያተረፈ ሞልቷል፤ አየር ባየር የከሰረ ግን ካንተ በቀር አላየሁም።

«እሺ፣ ሰፊስ አይደለም?» አልክ። ሬዲዮህን ክፈት። ኤፍኤም ከ87.5 ይነሳና 108 ላይ ያበቃል። ስፋቱ 20.5 ሜጋኸርዝ፤ በቃ! አዲስ አበባ ላይ 96.3 አለ፣ 97.1 አለ፣ ፋና 98.1 ላይ አለ፣ ሸገር 102.1 ላይ አለ። እስቲ 102.1 ላይ ያንተን ጣቢያ ክፈትና እንይህ። ወይ ሁለታችሁም ትደበላለቃላችሁ፣ ወይ ጉልበተኛው ደካማውን ይውጠዋል። «ከ108 በላይ እወጣለሁ» እንዳትለኝ ብቻ። እዚያ ያለው የአውሮፕላን መምሪያ ነው። ቦሌ ለማረፍ የሚያንዣብብ አብራሪ ባንተ ዘፈን ይመራ? ሰፊ ያልከው ሰማይ ላይ እኮ የተሰፋው ሁሉ ባለቤት አለው። ልክህን ሳታውቅ አትዘርጋ።

«ካነሰ ጉልበት ይጨመራ!» ይህች መልስህ ጉልበት እንጂ ጭንቅላት እንዳልተጨመረባት ከሩቅ ታስታውቃለች። መገናኛ ታክሲ ተራ ቆመህ ታውቃለህ? አንዱ ወያላ «ቦሌ!» ይላል። ሁለተኛው እሱን ለመብለጥ «ካዛንቺስ!» ብሎ ይጮኻል። ሦስተኛው ሁለቱን ሊያስጥል ጉሮሮውን ይሰነጥቃል። መጨረሻ ላይ የሁሉም ድምፅ ተዘግቷል፤ ተሳፋሪው ደግሞ የቱ መኪና የት እንደሚሄድ ጠፍቶታል። ሞገድ ላይም እንዲሁ ነው። ሁሉም ከጨመረ ማንም አልጨመረም።

«እኔ ብቻዬን ብጨምርስ?» ለሱም ሂሳብ አለህ። ክሎድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 ሂሳብህን ዘግቶታል። የ1 ሜጋኸርዝ ስፋት ይኑርህ፤ ምልክትህም ከጫጫታው 1,000 እጥፍ ይበልጥ እንበል። በሰከንድ ቢበዛ 10 ሜጋቢት ገደማ ታሳልፋለህ። ጉልበትህን እጥፍ አድርገው፤ 11። አሁንም እጥፍ፤ 12። 20 ለመድረስስ? ጉልበትህን 1,000 ጊዜ ማባዛት አለብህ! የኤሌክትሪክ ቆጣሪህ ሲሮጥ ኢንተርኔትህ ይዳክራል። የሞገዱን ስፋት እጥፍ ብታደርገውና ንጽሕናውን ብትጠብቅለት ግን 20 ወዲያው ትገባለህ። ስፋትን የሚያስከብር ንጽሕና ነው፤ ጡንቻ አይደለም።

አያ አያልቅም ሻነንን አልሰማም። የኔትወርክ ማጉያ ገዝቶ ጣሪያው ላይ ሰቅሏል። ፈቃድ የለው፣ ፍተሻ የለው። ስማ እንጂ! የ4ጂ ስልክ ጉልበቱን አሟጦ ቢጮህ 0.2 ዋት ቢሆን ነው። ማማው ያቺን ሹክሹክታ ከሩቅ ለመልቀም ጆሮውን ቀስሮ ይቀመጣል። ያንተ ማጉያ ሹክሹክታውንም ጫጫታውንም እኩል አጉልቶ እዚያ ጆሮ ውስጥ ይለቅበታል። የውጭውና የውስጡ አንቴና ከተቀራረቡማ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ፣ መልሶ እየጮኸ፣ ሰፈሩን ያደነቁራል። ጎረቤት ሁሉ «ዛሬም ኔትወርክ የለም» ይላል። አለ እንጂ! አያ አያልቅም ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው እንጂ! ስልክህን እንኳ ልብ ብትለው፣ ማማው ሲቀርበው ጉልበቱን በራሱ ዝቅ ያደርጋል፤ ባትሪም ይቆጥባል። «ዝም አይነቅዝም» የገባው ስልኩ ነው። ባለስልኩ ገና ነው።

«ታዲያ ማማ ይጨመር!» ማማ፣ ማማ፣ ማማ! ጡት የጣልከው መቼ ነው? ማማ መጨመሩስ ባልከፋ ነበር። አንተ ያማረህ ግን ረጅምና ኃይለኛ፣ ከተማውን ባንዴ የሚያካልል ነው። እሱ ድሮ ተሞክሮ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒውዮርክ የመኪና ስልክ ነበራት። ጣቢያው ኃይለኛ፣ ሽፋኑ ሰፊ፣ ቻናሉ 12! አሥራ ሁለት ሰው ሲያወራ አሥራ ሦስተኛው ይጠብቃል። ደንበኛው ከ500 ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ወረፋ ጠባቂው በሺህ ይቆጠራል። ለሚሊዮኖች ከተማ አሥራ ሁለት ወሬ! አንተ ብቻህን ትጨርሰው ነበር።

መድኃኒቱ ደግሞ ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል። የቤል ላብስ መሐንዲስ ዳግላስ ሪንግ እ.ኤ.አ. በ1947 ባዘጋጀው ማስታወሻ ላይ ነገሩን አስቀምጦታል። ከተማውን በትናንሽ ሴል ክፈሉት። ጉልበቱን ቀንሱት። ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ራቅ ባለው ሴል መልሳችሁ ተጠቀሙበት። ፒያሳ የሚያወራበት ቻናል ሳሪስም ያወራበታል። ስለማይሰማሙ ይስማማሉ! ይሄ እንግዲህ የጉልበተኛ ሳይሆን የጨዋ ሰው ዘዴ ነው። ቀርቦ ቀስ ብሎ መናገር፤ ሌላውም እንዲናገር መተው።

«ይሄ ትንሽ ነገር ምን ያመጣል?» እንዳትል፣ ማርቲን ኩፐር አስልቶልሃል። ኩፐር ማለት እ.ኤ.አ. በ1973 በእጅ በሚያዝ ሞባይል የመጀመሪያውን ጥሪ ያደረገው ሰው ነው። በሱ ግምት በ45 ዓመት ውስጥ የገመድ አልባው አቅም ሚሊዮን እጥፍ አድጓል። ተጨማሪ ሞገድ ያመጣው 25 እጥፍ። ሞገዱን ቀጭን አድርጎ መሸንሸን 5 እጥፍ። የተሻለ የአላላክ ዘዴ ሌላ 5 እጥፍ። የቀረው 1,600 እጥፍ የተገኘው ሴሉን ከማሳነስ፣ ያንኑ ሞገድ ደጋግሞ ከመጠቀም ነው። አባዛውና ሚሊዮንህን ተረከብ! «አየር ጨምሩ» የምትላት ነገርህ ድርሻዋ 25 ናት። ቁጠባና ብልሃት 40,000 ይዘው ቆመዋል። መደጋገም ለሞገድ ያምርበታል፤ አንተ ግን ያችኑ ወሬ ስትደጋግም አንድም እጥፍ አልጨመርክ።

«5ጂ መጥቶ ይገላግለናል!» ይመጣል፣ መጥቷልም፤ ግን ምን ይዞ የመጣ መሰለህ? ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር ሞገዱ ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር ግድግዳ ይከብደዋል። 26 ጊጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 1 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው ቀርቶ ስልኩን የያዝክበት መዳፍህ ያዳክመዋል። 5ጂን ጎበዝ ያደረገው ምን ሆነና? ማማው ላይ 64 አንቴና ደርድሮ ምልክቱን ወደ ተናጋሪው ብቻ ማነጣጠሩ ነው። ለሚፈልገው ይልካል፤ የማይፈልገውን አይረብሽም። አዳኜ ያልከው 5ጂ እኮ ከኔ ወገን ሆኖ ተገኘ!

«ጥሩ ጥሩው ባንድ ተይዟል፤ ለኛ ቅራሪው ቀረ!» ኧረ ቅራሪውንስ መች አወቅኸው? ታይታኒክ በሰጠመችበት እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካ የሬዲዮ ሕግ አወጣች። ሬዲዮ በትርፍ ጊዜያቸው የሚያስተላልፉትን አማተሮች «አየሩን አጨናነቃችሁ» ብላ 200 ሜትርና ከዚያ በታች ወዳለው ሞገድ ገፋቻቸው። በጊዜው ለቁም ነገር አይረባም የተባለ ነበር። አማተሮቹ አላላዘኑም። በ1923 በተገፉበት ባንድ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። ዶይቸ ቬለ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ ቤታችን የገባው በዚያው አጭር ሞገድ ነው። አባትህ ማታ ማታ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ሞገድ ሲያጠራ ያመሸው እዚያው የተናቀ ሰፈር ነው። የማይረባ ባንድ የለም። የማይረባ ባለባንድ ግን አለ።

«ቢሆንም የያዘ ይዟል፤ ባይሠራበትም የሱ ነው!» ይህችን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ንገርልኝ። ከ3,550 እስከ 3,650 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ የመርከቦቹ ራዳር ይዞታ ነው። መርከብ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዳርቻ አትቆምም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ መርከቧ በሌለችበት ሌላው ይሠራበታል። ዳርቻው ላይ የተተከሉ ጠቋሚዎች ራዳሩን ሲሰሙ፣ እንግዳው ቻናሉን ለቅቆ ሌላ ቻናል ይይዛል። ጠብ የለ፣ ክስ የለ። መድፍ የታጠቀው ባሕር ኃይል ያካፈለውን፣ አንተ ራውተር ታጥቀህ እምቢ ልትል ነው?

ራውተር ካነሳን ዘንዳ፣ እንግባ ቤትህ! ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የዋይፋዩን ዝርዝር በስልክህ ክፈተው። ያንተ አለ፣ የጎረቤትህ አለ፣ የጎረቤትህ ጎረቤት አለ፣ ምድር ላይ ያለው ካፌ አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይነካኩ የሚሠሩ ቻናሎች ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አንተ 3 ላይ ተጎልተህ 1ንም 6ንም ትጎሽማለህ። ስፋቱን ደግሞ 40 ሜጋኸርዝ አድርገኸዋል፤ የባንዱን ግማሽ ላንድ አባወራ! ራውተር ማንም ባይጠቀምበት እንኳ በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ «አለሁ» ይላል። «ሳሎን»፣ «ልጆች»፣ «እንግዳ»፣ «ጋሼ» ብለህ አራት ስም አወጣህለት፤ አሁን 40 ጊዜ ይላል። በዚያ ላይ ማይክሮዌቭ ከፍተህ ሽሮ ታሞቃለህ። እሱም የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ነው! ጎረቤትህ ዱባይ ካለች እህቷ ጋር በቪዲዮ እያወራች ምስሉ ድርቅ አለባት። ያንተ ሽሮ ሞቀ፤ የሷ ጨዋታ ቀዘቀዘ። ከዚያ ደረጃው ላይ ስታገኛት «ኔትወርኩ አስቸገረን እኮ እትዬ» ትላታለህ። አስቸጋሪውማ ሰላምታ እየሰጣት ነው!

ፍርዱን እናንተ ስጡ፣ ከብባችሁን የቆማችሁ። ሞገድ አይመረትም፣ ከውጭ አይገባም፣ መጋዘን አይቀመጥም። ያልተጠቀምንበት ሰከንድ አለፈ፤ የተጯጯህንበት ሰከንድም አለፈ። ይበልጥ የሚጨመረው በአያያዝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሞገዱን የሚያስተዳድረውም የሁላችን ሀብት ስለሆነ ነው፤ የአያ አያልቅም ጣሪያ ግን ባለሥልጣን ብቻውን አይደርስበትም። ስለዚህ ሥራው ከቤት ይጀምር። ያልተፈቀደ ማጉያ ካላችሁ አውርዱት። ራውተራችሁን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት፤ በ2.4 ላይ ስፋቱን ወደ 20 መልሱት። ላፕቶፑንና ቴሌቪዥኑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አሻግሩ፤ ካንድ ቦታ የማይነቃነቀውን በኬብል እሰሩት። ትርፉን ስም አጥፉት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ዛሬ ማታ አድርጉት፣ ጎረቤታችሁንም አሳዩ።