የቮልሷ አመል

መኪና ከተበላሸ ይበላሽ። ሰው የሚያቃጥለው አንዳንዴ ብቻ የሚበላሸው ነው።

በዕድሜ የምትበልጠኝ ቮልሴ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሳዞር እሺ ብላ ትነሳለች። ደርሼ፣ ጉዳዬን ጨርሼ፣ ልመለስ ስል ግን «ጠቅ» ትልና ዝም። መገፋት ያለባት ሁሌም ሰው በተሰበሰበበት ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነጠላ ያጣፉ ምእመናን ገፍተውልኛል። ለቅሶ ልደርስ ሄጄም ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጥቶ ገፋልኝ፤ የሟች ወንድም ሳይቀር።

ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ በአንድ ቁልፍ። መካኒኩ ከላይ እስከ ታች ያየኝና «ምን ሆነች ነው የሚሉኝ ጋሼ?» ይለኛል።

በሽታው አልታይ ሲል ሐኪሙ በዛ። አንዱ ባትሪ ነው አለ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ መቀመጫ ስር ስለሆነ ወንበር ተነቅሎ፣ የልጆች እርሳስና የደረቀ ቆሎ ተጠርጎ፣ አዲስ ባትሪ ገባ። ሌላው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው ብሎ ሌላ እንድገዛ ሶማሌ ተራ ሰደደኝ፤ እሱም ተቀየረ። ሦስተኛው ፊውዞቹን በጣቱ አሽከረከራቸው። እዚህ ላይ ሰውዬውን አልቀየመውም፦ የድሮ ቮልስ ፊውዝ ሁለት የነሐስ ምላሶች መሃል የሚቀረቀር ነው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። ምላሶቹ ሲዝጉ መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ ፊውዙን ማዞር ብቻ ዝገቱን ይፍቀዋል። ፍሬቻዬ በዚያው ዳነ። የሞተሪኖው መስመር ግን ከመጀመሪያውም በፊውዝ አያልፍም። ጎረቤቴ እትዬ «ጠበል አስረጫት» አሉኝ። ባትሪው ውሃ ጠጥቷል አልኳቸው።

በመጨረሻ ያገኘሁት ኤሌትሪሻን ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። «አሁን ደህና ናት። ደህና መኪና አልነካም። እምቢ ስትል፣ ሳያስገፉ ይደውሉልኝ» ብሎ ሸኘኝ። ተቀየምኩት። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ በጠራራ ፀሐይ እምቢ ስትል ግን ሌላ የምደውልለት ሰው አልነበረም።

ቴስተሩን ይዞ በታክሲ መጣ። የባትሪውን ቮልት ለክቶ «12.6፣ ሙሉ ነው» አለና ተወው። አንዱን ሽቦ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በረጅም ቅጥያ ወስዶ የሞተሪኖው አካል ላይ አስነካ። «ያዙሩ ጋሼ!» አዞርኩ። ጠቅ። ቴስተሩ 4 ቮልት አለፈ። በዚያ መስመር ግማሽ ቮልት ቢጠፋ እንኳ ብዙ ነው። «እጅዎን እዚህ ያድርጉ» ብሎ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ አስያዘኝ። ሞቋል! የነዳጅ ገመድ ምን አሞቀው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ ስለሚቀመጡ ጎማው ከቦዲው በኤሌክትሪክ ይለያቸዋል። የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ቦዲው የሚሄድ ጠፍጣፋ ጉንጉን ሽቦ ነው፤ ማሳ ይሉታል። የኔው በጭቃና በዘይት ተለውሶ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ በጥቂት ክሮች ቀርቷል። ለካንዴላ የሚሆን ኤሌክትሪክ በእነዚያ ክሮች ያልፋል፤ ስትገፋ የምትነሳውም ለዚህ ነው። ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። መንገድ ሲያጣ በነዳጅ ገመዱ ሊያልፍ ይሞክራል። ካምቢዮው እየተንቀጠቀጠ ክሮቹን ሲያገናኝ ትነሳለች፣ ሲያለያይ እምቢ ትላለች። ጋራዥ በር ላይ ጨዋ የምትሆነው እንግዲህ የኮረኮንቹ መንገድ ክሮቹን እያገጣጠመላት ኖሯል።

ጉንጉኑን ቀየረ፤ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረት እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። የጠየቀኝ ዋጋ የምሳ ያህል ነው። ከሁሉም በላይ ገንዘቡ የሚገባው፣ ደህና መኪና አልነካም ያለው እሱ ነው።

ያወጣነው ጤነኛ ሞተሪኖ እስከ ዛሬ አልጋዬ ስር ተቀምጧል። ቮልስ ያላችሁ፣ በቅናሽ እሸጥላችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ማሳችሁን አስፈትሹ።