ኦርጅናሉ ሻንዋን

ሐዋሳ ፒያሳ ምትክ ጆይስቲክ የሚገዛ የሊኑክስ ተጠቃሚ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ሊኑክስ ላይ ይሠራል?» መልሱም አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው!»

ኦርጅናልነቱን ሊኑክስ ያውቃል። የሶኒን ፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ አስመስሎ የተሠራው ሻንዋን ዩኤስቢ ላይ ገና ሲሰካ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፍ ነበር። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ስሙን ጠርተው፣ ኮዱ ውስጥ ለእሱ ብቻ የሚሆን ማስታገሻ ጻፉለት። አስመስሎ ለተሠራ ዕቃ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

እውነተኛው ሶኒ እንኳ ለዱዋልሴንስ ጆይስቲኩ የጻፈው ድራይቨር ከርነል ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2021፣ በስሪት 5.12 ነው፤ ሻንዋን ቀድሞታል።

ባለገመዱ የኤክስቦክስ 360 ጆይስቲክ ግን ሲሰካ ያለ ጭቅጭቅ ይሠራል። ለማንኛውም ገዢ ሆይ፣ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሳይሰኩ አይክፈሉ።