አጥፍተህ አብራው

ላሊበላ ውስጥ አንድ የአስጎብኚዎች ቢሮ አለ፤ ስሙ ይቆየን። ቢሮው ሦስት የኢንተርኔት ስልኮች አሉት፤ አንዱ እንግዳ መቀበያው ላይ፣ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ሒሳብ ክፍል። ሦስቱም የሚወጡት የሚገቡት በአንድ ራውተር ነው። የስልኮቹ በሽታ ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ ግን፣ ተመስገን፣ አንድ ብቻ ነው፤ «አጥፍተህ አብራው!»

ለገና ሰሞን እዚያው ቁጭ ብዬ ሕክምናውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቡና እየተፈላ ነው። የመቀበያው ስልክ ጮኸ፤ ልጅቷ አነሳችው። «ሃሎ… ሃሎ… እኔ እሰማዎታለሁ፣ እርስዎ አይሰሙኝም እንዴ?» አለች። አልሰማሽም ብሎ እንዲመልስላት ትጠብቃለች። ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ «ነቅላችሁታል?» ብሎ ጮኸ።

ተላላኪው ልጅ መጥቶ ራውተሩን ነቀለ። ከንፈሩ እንደ ዳዊት ደጋሚ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረ። «ጋሼ፣ አሥር ሳይሞላ ከተሰካ አይሠራም» አለኝና ሰካው። ይህ አቦሉ ነበር። ቶናው ሲቀዳ የሒሳብ ክፍሉ ስልክ መጥራት ተወ፤ እንደገና ተነቀለ። በበረካው ሦስቱም ጸጥ አሉ።

ነገር የሚያበዙ ሰዎች ግን ይህን የመሰለ ጥበብ አይዋጥላቸውም። እነሱ እንደሚሉት ራውተር በረኛ ነው። የውጭው ዓለም የሚያውቀው የግቢውን አንድ በር እንጂ 192.168 ብሎ የሚጀምረውን የየክፍሉን ቁጥር አይደለም። በረኛው ማን እንደወጣ በደብተሩ ይይዛል፤ የወጣው ስልክ ለጥቂት ጊዜ ድምፁን ካጠፋ ግን ይሰርዘዋል። ከዚያ ወዲያ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ራውተሩ ሲነቀልማ ደብተሩ ራሱ ይጠፋል። ይህን ለስልኮቹ የሚነግራቸው የለም፤ ተመዝግበናል ብለው ተረጋግተው ይቀመጣሉ። ምዝገባቸውን የሚያድሱት በየሰዓቱ ከሆነ፣ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ደዋይ አያገኛቸውም። ደህና የነበረው ስልክ በበረካው የታመመው በመድኃኒቱ ነው ማለታቸው ነው። ድፍረት!

ደግሞ በረኛው ሲፕ ኤኤልጂ የሚሉት ረዳት አለው ይላሉ። ሥራው የሚያልፈውን ደብዳቤ ቀዶ አድራሻውን ማረም ነው፤ ሲያርም ያበላሻል፤ ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። እሱን አሰናብቱ፤ ሦስቱም ስልኮች ፖርት ቁጥር 5060ን ከሚሻሙ ለአንዱ 5060፣ ለአንዱ 5062፣ ለአንዱ 5064 ስጡ፤ በየ30 ሰከንዱ «አለሁ» እንዲሉ አድርጉ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው ይላሉ። ግማሽ ሰዓት! መንቀል እኮ አሥር ሰከንድ ነው፤ በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ቢነቀል እንኳ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ማጥፋት ፈዋሽ ለመሆኑ ደግሞ ላሊበላን የሚያህል ምስክር ከየት ይመጣል? በሐምሌ 2013 ማብቂያ ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ መብራቱም ስልኩም ለወራት ተነቀለ። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ጠፋ። በዚህ ስሌት ከእኛ መስመር የጠራ በአገሩ ባልኖረ ነበር። ምናልባት አጥፊዎቹ አሥር ሳይቆጥሩ አብርተውት ይሆናል። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ከልክሎ ነበር፤ ስልክ እንዲህ ጤነኛ የነበረበት ዘመን የለም፤ ድምፄ አልተሰማም ብሎ የሚከስ ማን ይኖራል?

የማዝነው ለጥንቶቹ ነው። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉት ሰዎች የክረምቱ ውኃ በየት እንደሚወርድ አስበው፣ አዘቅዝቀው፣ ቦይ ሲቆፍሩ ስንት መሮ ጨረሱ! ውኃ በገባ ቁጥር «ዝናቡን አጥፍታችሁ አብሩት» ማለት እየቻሉ።

ደዋዩ በዚያ ቀን ተመልሶ አልደወለም። ስወጣ ራውተሩን ገልብጬ አየሁት፤ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ሆዱ ላይ ተለጥፏል። የተሸፈነበት ላስቲክ ገና አልተላጠም።